ከዩኑስ ግድግዳ የሚበልጥ አገር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ነፋስ ይገባል። አንቺም ያን ስልክ ለአፍታ ከጉልበትሽ ላይ አውርጂው፤ የትም አይሄድብሽም። ጨዋታዬ ረዥም አይደለም፤ ከመሐሉ የጀመረው ሰው ግን ግራ ይገባዋልና ከመነሻው ስሙኝ። የደብረ ታቦሯን የሩቅያን ነገር ነው የምነግራችሁ፤ ባሏን ዩኑስን ከገዛ ግድግዳው ሥር እንዴት አድርጋ እንዳወጣችው።

ዩኑስ ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ ቤቱ ከገበያው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከሙላቴ ፀጉር ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይገኛል። በሩ ላይ «ዩኑስ ፎቶ ቤት፤ ዓለምን ይዞራሉ፣ ጫማዎ አይቆሽሽም» ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ለማስታወቂያ ያህል የተባለ እንዳይመስላችሁ። ውስጥ፣ ከወንበሩ ኋላ፣ አራት ትልልቅ የአቡጀዴ መጋረጃዎች ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። አንዱን ገመድ ሲስበው ዱባይ ፎቆቿን ሁሉ ይዛ ዱብ ትላለች። ሁለተኛውን ሲስብ ባሕርና ዘንባባ ይመጣል። ሦስተኛው ለዒድ የሚወርደው ካዕባ ነው። አራተኛው ስዊዘርላንድ ነው፤ አረንጓዴ ኮረብታ፣ የእንጨት ቤት፣ ጫፉ የነጣ ተራራ፣ አንዲት ላምም አለች። ሠዓሊው የአገር ልጅ ስለሆነ ላም ሲስል እጁ አልታዘዘለትም መሰለኝ፣ የስዊዘርላንዷ ላም ሻኛ አላት። ማንም ግን ልብ ብሎት አያውቅም። በደብረ ታቦር ስዊዘርላንድን ሳይረግጥ የተሞሸረ ሰው ጥቂት ነው።

ሩቅያ የሐሙሲት ልጅ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በር ላይ ቆማ ስትሸኝ ስላደገች፣ እግሯ መንገድ ይወዳል። ዩኑስ ሲያገባት «ክረምቱ ይውጣ እንጂ አገር ለአገር አዞርሻለሁ» ብሏት ነበር። ክረምቱ ወጣ። ሌላውም ገባ፣ ወጣ። ሃያ ስድስት ክረምት! መስከረም በጠባ ቁጥር፣ አደዩ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ሩቅያ ጨርቃ ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቋ ወጥታ ትመጣና «እህሳ?» ትለዋለች። እሱም ገመዱን ይይዝና «የት ልውሰድሽ? ምረጪ» ይላታል።

ነገሩ ስንፍና አልነበረም፤ ይህን ሩቅያ ታውቃለች። በሠርጋቸው ዕለት ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር ሲመጡ መኪናው ዩኑስን አዞረው። ራሱን በፎጣ ሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢቀመጥም አልሆነለትም። ወረታ ሳይደርሱ አስመለሰውና የአጎቷን አዲስ ባርኔጣ ጉድ አደረገው። ሚዜዎቹ ሳቁ። የሙሽራዋም ዘመዶች ሳቁ። ያን ሳቅ ዩኑስ እስካሁን ከጆሮው አላወጣውም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና የሚባል ነገር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ለሰው ግን «ዓለም ቤቴ ውስጥ ተንጠልጥላ፣ ምን አቧራ ያስቅመኛል» ይላል። ሩቅያም ባሏን ማሳፈር ስለማትወድ፣ አውቃ እንዳላወቀ ሆና ኖረች። ግን ደግሞ ብቻዋን መሄድ አትፈልግም። አብሯት እንዲያይ ነው የምትፈልገው። ከዓለም ላይ የቀራት ነገር ይሄ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ያ ሰውዬ ከዚያ ጨለማ ክፍል ወጥቶ፣ ከጎኗ ቆሞ አንድ ተራራ ቢያይላት።

ዘንድሮ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ መንገዱም ደህና ነው በተባለበት ጊዜ፣ ሩቅያ መጥታ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጎረቤቱ ሙላቴ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ፣ ምላጩን እንደያዘ ለወሬ ብቅ ብሏል።

«እህሳ?» አለች።

«እህሳ ምን?»

«ሃያ ሰባተኛው ሊገባ ነው።»

«የት ልውሰድሽ? ባሕሩ ዛሬ ደህና ነው፤ ማዕበል የለውም።»

«ጨርቅህን ተወኝ ዩኑስ። ነፋስ የሚነፍስበት አገር ነው የምልህ።»

ዩኑስ የማራገቢያውን ማብሪያ ተጫነው። ዘንባባው ተንቀጠቀጠ። «ይኸውልሽ ነፋስ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ሴት አንድ ቀን ፍርድ ቤት ታቆምሃለች» አለ ሙላቴ።

«ትክሰሰኝ። ዳኛውንም ያነሳሁት ስዊዘርላንድ ላይ ነው።» ከዚያ ደረቱን ነፋ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እንዲህ እናድርግ። ከዚህ ግድግዳ የሚበልጥ አገር አሳይኝና፣ ወላሂ ሱቄን ቆልፌ እከተልሻለሁ!»

ሩቅያ ወደ ጎረቤቱ ዞረች። «ሙላቴ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። ምላጭ ይዤ ነው የሰማሁት፣ ሸምጥጬ አልክድም።»

በማግስቱ ጠዋት ሩቅያ ሻንጣዋን አንጠልጥላ «ሄጃለሁ፤ አሳይሃለሁ» ብላው ወጣች። ዩኑስም እየሳቀ «በሰላም ተመለሺ» አላት። ረፋዱ ላይ መቀስ ሊፈልግ የቤቱን መሳቢያ ሲስብ፣ ፓስፖርቷ የለም። ያ ፓስፖርት አምና እህቷ ነጅሚያ ከጅዳ «ዑምራ ነይ» ባለቻት ጊዜ የወጣ ነው፤ አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ተቀምጦ ነበር። ዩኑስ መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው። ፓስፖርት ይዞ መሄድን ማንም አልከለከላትም፤ ምን ብላ እንደያዘችውም የጠየቃት የለም።

ሩቅያ የት ነበረች? መናኸሪያው ጋ፣ ከወዳጇ ከጌጤ ጋር ሚኒባስ እየጠበቀች። ጌጤ ከገሳይ ወደ ላይ፣ ጉና ተራራ ሥር የምትኖር ገበሬ ናት። ቅቤና ድንች ይዛ ስትመጣ ከሩቅያ ሱቅ ሳትቀመጥ አትመለስም፤ ስትስቅ ደግሞ ከገበያው ወዲያ ማዶ ትሰማለች።

«ልትዋሺው ነው እንዴ?» አለች ጌጤ ነገሩን ስትሰማ።

«አስተግፊሩላህ! አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አትወጣም። ፎቶ ብቻ ነው የምልክለት። የት ነሽ ብሎ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ።»

«ቢጠይቅሽስ?»

«ዩኑስ? እሱ ይሞታል እንጂ አይጠይቅም። አገር አላውቅም ማለት ይሆንበታላ።»

ጌጤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች፤ የሚኒባሱ ረዳት ደንግጦ ዞሮ አያት።

መጀመሪያ የወረዱት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። መስከረም ፎገራን ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ፣ በሥሩ የተኛው ውኃ ደመናውን ሁሉ ይዞታል፤ ሰማይ ላይ የሚሄድ ወፍ እታች ሩዙ መሐልም ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ የሣር ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አረም ይነቅላሉ።

«አባቴ፣ ላንሳዎት?» አለች ሩቅያ ስልኳን አውጥታ።

«አንሺኝ። ፊቴን ግን አታሳዪው፣ አልተላጨሁም።»

ባርኔጣቸውን ይበልጥ ደፉት። ሩቅያ አነሳችና ያለ አንዳች ቃል በቴሌግራም ሰደደችው።

ማታ ሐሙሲት ወንድሟ ቤት እያሉ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ፈትያ ናት። ፈትያ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራ ናት፤ የእናቷን ምስጢር ከመጀመሪያው ታውቃለች። «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ስሚ» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ሩቅያና ጌጤ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ባርኔጣውን አየኸው?» ይላል የዩኑስ ድምፅ። «ቬትናም ነው።»

«ቻይና ነው እንጂ» ይላል ሙላቴ።

«ቻይናማ ድሮ ነው እንዲህ የነበረችው፣ አሁን ፎቅ ብቻ ሆናለች። ቬትናም ነው አልኩህ! አገር ለኔ ትነግረኛለህ?»

«ጠዋት ወጥታ ማታ ቬትናም?»

«አውሮፕላን እኮ ነው፣ ጋሪ መሰለህ?»

አትፍረዱበት፣ ልጆቼ። ገመድ በሳበ ቁጥር አገር ሲቀያየርለት የኖረ ሰው ነው፤ አገርና አገር መሐል መንገድ እንዳለ የት ያውቃል።

«እና አሁን ከግድግዳህ አይበልጥም?» አለ ሙላቴ።

ዩኑስም ሰበብ አላጣም። «ጭቃ አለው። የኔ ግድግዳ ላይ ጭቃ አለ? የለም።»

በማግስቱ ዋንዛዬ ሄዱ። ፍል ውኃው በጧት ብርድ እንፋሎቱን አስነስቶ፣ ዛፉንም ድንጋዩንም ሸፍኖታል። ሩቅያ ሰው እንዳይታይባት ራቅ ብላ አነሳች፤ ነጭ ጭስ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ከጭሱ መሐል ብቅ ያሉ ሁለት ሦስት ራሶች። ፎቶውን ስትልክ ጌጤ ውኃው ውስጥ ተነክራ «ወገቤ! ወገቤ ተፈታ! እመብርሃን ትባርክሽ ሩቅያ!» እያለች ትጮሃለች። ያን ቀን ሙላቴ ጃፓን ነው ብሎ ፈረደ፤ ጃፓን ዝንጀሮው እንኳ ሙቅ ውኃ ሲታጠብ በቴሌቪዥን አይቻለሁ አለ። ዩኑስም በጃፓንነቱ ተስማማና፣ «ሙቅ ውኃ ለማየት ጃፓን ድረስ? ቤት ድስት አንጥድላትም ነበር?» አለ። አሁንም አልተሸነፈም።

«ይሄ ሰውዬ አይወጣም» አለች ሩቅያ ተስፋዋ ቀነስ ብሎ።

«ጉናን ገና አላሳየሽውም» አለች ጌጤ።

ወደ ጉና ለመሄድ ግን በደብረ ታቦር ማለፍ ግድ ነው። ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲገባ ሩቅያ የጌጤ ነጠላ ሥር ገባች። ወዲያው ሙላቴ ሎሚ ገዝቶ በመስኮቱ በኩል አለፈ። ቆመም!

«እንዴት ሰነበትሽ ጌጤ? ምንድን ነው ጉልበትሽ ላይ የያዝሽው?»

«ድንች ነው።»

«ያስነጥሳል እኮ ድንችሽ!»

«ብርድ መትቶት ነው። አንተ ሂድ፣ ግማሽ የላጨኸው ሰው ይጠብቅሃል!»

ሙላቴ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ሩቅያ ከነጠላው ስትወጣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። «ውሸቱን አንቺ ነሽ የተናገርሽው» አለች። «እኔ የለሁበትም።»

«ለአባ እናዘዛለሁ» አለች ጌጤ።

ጌጤ ቤት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በሉ፣ ትኩስ ወተትም ጠጡ። ያደሩበት ቤት ጣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ። ጠዋት ወጥተው ሽቅብ ሲመለከቱ፣ ጉና ከወገቡ በላይ ነጭ ሆኗል። በረዶ ጥሎበታል። ሁለቱም ጋቢ ደርበው ወጡ። ሩቅያ ትንፋሿ እያጠራት፣ እያረፈች፣ ከላይኛው መንደር ግጦሽ ደረሰች። ምድሩ ነጭ፣ ዝም ያለ፤ ከነጩ መሐል ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ብቻ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ራሱ ላይ በረዶ ተሸክሞ እዚህም እዚያም ቆሟል። አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ሥር አንዲት ራሷ ጥቁር የሆነ በግ ተጠግታ፣ ሴቶቹን «ምን ፈለጋችሁ?» በሚል ዓይን ታያቸዋለች።

ሩቅያ ከዚያው ሆና ደብረ ታቦርን ፈለገች። እታች፣ ሩቅ፣ ጭጋግ ውስጥ ነበረች። ዩኑስ ዕድሜውን ሙሉ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ይህን ተራራ እንደ ሰማያዊ ጉብታ ሲያየው ኖሯል፤ አንድ ቀን ቀርቦት አያውቅም። ፎቶውን አነሳች፤ ኔትወርክ እስክታገኝ ቁልቁል ወርዳ ላከችው። በጓም ብቻዋን መቅረት ስላልፈለገች ተከትላቸው መጣች። ጌጤ ደጇ ላይ አሰረቻትና የበጓ ባለቤት እስኪገኝ ለራሷ መንደር ሰው አስነገረች።

በማግስቱ ፈትያ ደወለች።

«እማዬ፣ አባዬ ፎቶውን ካየ ጀምሮ ዝም ብሏል። ትናንት ምሳውንም አልበላ። ‹ኖርዌይ ነው› አለና ዝም።»

«በለጠው? በለጠው በይኛ!»

«በልጦታል። ግን…» ፈትያ ሳቋ አመለጣት። «ዛሬ ፎቶውን በትልቁ ባነር አሳትሞት መጣ። ከስዊዘርላንድ ጎን ሰቅሎት ገመድ አበጅቶለታል። ጋሽ ሙላቴ ‹ተሸነፍክ፣ ሱቁን ቆልፍ› ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ከግድግዳዬ የሚበልጥ ነው ያልኩት። ይሄ አሁን የት ነው ያለው? ግድግዳዬ ላይ! ግድግዳዬ ራሱን ሊበልጥ ነው እንዴ?›»

«ሌባ!» አለች ሩቅያ። «ይሄ ሌባ! የኔኑ ተራራ ወስዶ!»

ጌጤ የያዘችውን ድንች ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቆማ መሳቅ አልቻለችም። ሩቅያ ግን አልሳቀችም። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ከእጇ ገብቶ እንደገና ሲያሟልጫት አየች። ከዚህ ሌላ ምን አገር ታሳየው? ከጉና የሚበልጥ ከየት ታምጣ?

በገበያው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ፈትያ ምንም ሳትናገር ኪሷ ከተተችው። አንድ የማያውቁት ወፍራም ድምፅ ይሰማል።

«ለመሬት ደብተር ነው። ሁለት ጉርድ ብቻ።»

«ጉርዱን አንስቼዎታለሁ፣ አያ አዳነ» ይላል ዩኑስ በነጋዴ ድምፁ። «ከመጡ አይቀር አንድ ኖርዌይ ላይ ላንሳዎት? አዲስ ነው፣ ሰው ሁሉ እየተሰለፈበት ነው።»

ገመዱ ሲሳብ፣ ባነሩ ዱብ ሲል ተሰማ።

ጌጤ የሩቅያን ክንድ ያዘች። «አዳነ! የላይኛው መንደር አዳነ ነው!»

«የት ነው ያልከኝ ይሄ?» አለ አዳነ።

«ኖርዌይ። ከአውሮፓ ላይኛው ጫፍ።»

«እንግዲያውስ ኖርዌይ በጌን ምን ልታደርጋት ወሰደቻት?»

«ምን አሉኝ?»

«በጌን! ይቺ ጥቁር ራሷ! ግራ ጆሮዋ ቆረጥ ያለች፣ እኔ ነኝ ምልክት ያደረግኋት። በረዶው የጣለ ቀን ጠፍታብኝ፣ ያልሄድኩበት ገደል የለም። አንተ እዚህ ሰቅለሃታል!»

«ኧረ ይረጋጉ አባቴ» አለ ሙላቴ። «ኖርዌይም ጥቁር ራስ በግ አያጣ…»

«ድንጋዩስ? ይሄ ድንጋይ የኔና የወንድሜ ወሰን ነው! አሥር ዓመት ተካሰንበታል፣ እንዴት ይጠፋኛል? ይሄ ጉና ነው! የኔ ግጦሽ ነው! ማን ነው ፎቶውን ያነሳው? ያነሳው ሰው በጌን አይቷታል፣ አምጣልኝ!»

ከዚያ የሙላቴ ሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ናዳ። ገበያተኛም ተሰብስቦ ኖሮ፣ «ኖርዌይ! ኖርዌይ!» እያለ ያጅበው ገባ። ጌጤም አልቻለችም፣ ስልኩ ላይ ተንከተከተች።

«ፈትያ» አለ ዩኑስ ቀስ ብሎ፣ «ኪስሽ ይስቃል እንዴ?»

ስልኩ ተዘጋ።

ሩቅያ መልሳ ደወለች፤ የፈትያ ዝግ ነው። የዩኑስም ዝግ ነው። ማታም ዝግ ነው። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ያ የሠርጉ ቀን ሳቅ በጆሮዋ መጣባት። ሚዜዎቹ የሳቁበት ሰው፣ ይኸው በገዛ ሚስቱ ምክንያት ገበያ ሳቀበት። አሁን ለምኖም አይወጣም። ከዚያ ወንበር ኋላ መጋረጃውን ጠቅልሎ ይቀመጣል እንጂ፣ ጉና ሲባል ከእንግዲህ ስሙንም አይሰማ።

«ጨዋታ ነው እኮ» አለች ጌጤ።

«ጨዋታው እሱ ሲስቅ ነበር ደስ የሚለው። ብቻውን አስቀረሁት።» ሻንጣዋን አወጣች። «ልመለስ። ይቅርታ ልጠይቀው። መሄድ መምጣቱ በአፍንጫዬ ይውጣ፤ ሁለተኛ ‹እህሳ› አልለውም።»

«ቁርስ ብዪ።»

«አልበላም።»

«ሚኒባሱ ከሰዓት ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል? ድንቹ በስሏል።»

ሩቅያ በላች፤ ድንቹ መቼም በስሏል። ከሰዓት ሻንጣዋን ይዛ ደጅ ስትወጣ፣ ከታች ከገሳይ አቅጣጫ ዳገቱን የሚመጣ ሰው አየች። ሁለት ሰው ነው። አንዱ በእግሩ ነው፣ ከፊት ገመድ ይስባል። ሌላው በቅሎ ላይ ነው፤ በቅሎዋ ላይ የተቀመጠው ግን አቀማመጡን የማያውቅበት ሰው ነው፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ሲያሻው የበቅሎዋን አንገት አቅፎ። ራሱን በፎጣ አልሸፈነም። ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ያን ሁሉ አደይ፣ ያን ሁሉ የገብስ ማሳ፣ ያን ሁሉ ሰማይ እያየ ይመጣል።

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ።

ዩኑስ ደጁ ላይ ደርሶ ለመውረድ ሞከረና አልቻለም። አዳነ አቅፎ አወረደው። እግሮቹን አንፈራጦ፣ እንደ ሕፃን ቆመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። «ኖርዌይ እዚህ ነው?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለች ሩቅያ። «ፓስፖርት ይዘሃል?»

ኪሱ ገባና የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ አሳያት። «ቆልፌያለሁ። ወላሂ ብዬ የለ።»

አዳነ እነሱን ትቶ ወደ በጓ ሄዷል። ጆሮዋን አገላብጦ አየና ወገቡን ይዞ ቆመ። «እህ፣ እመቤት! ውጭ አገር እንዴት ነበር?»

ጌጤ ሳቀች። ዩኑስም ሳቀ። ሩቅያ ግን ሳቁን ስትሰማ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

«ምነው? እኔን ነው እንጂ የተሳቀብኝ» አላት።

«አፍረህ የምትቀርብኝ መስሎኝ…»

«አፍሬያለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አፍሬ አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ ይሄ ሰውዬ በሬን ደበደበው፤ በጌን ያየውን ሰው ሳታሳየኝ አልሄድም አለኝ። መኪና እንያዝ አለ። እኔ…» ጎንበስ ብሎ የጫማውን አቧራ አየ። «እኔ መኪና ያዞረኛል፣ ሩቅያ። አገሩ አስጠልቶኝ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«የአጎቴ ባርኔጣ እኮ ነው።»

«እኔም ይህንኑ ነገርኩት፤ ለማላውቀው ሰው! እሱ አልሳቀም። ‹ታዲያ በቅሎዬ አለች አይደል› አለኝ።» ቀና አለና አያት። «ካወቅሽ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን በቅሎ አላልሽኝም?»

ሩቅያ የመኪና መንገድ ዳር ያደገች ልጅ ናት፤ መንገድ ስትል መኪና ነው የሚታያት። በየገበያው ቀን ሱቋ ደጃፍ ላይ የሚታሰረውን የበቅሎ መዓት ስታይ ኖራ፣ አንድም ቀን አልመጣላትም። ለእሱም አልመጣለት።

«አንተስ ለምን አላልከኝም?» አለች በመጨረሻ።

«እኔማ መጋረጃ ነበረኝ።»

አዳነ ጣልቃ ገባ። «መጨቃጨቁን ላይ ብታደርጉት አይሻልም? ፀሐይዋ ሳለች ጣና ይታያል።»

ወጡ። በረዶው ቀልጦ ነበር፤ ያ ነጭ ኖርዌይ የለም፤ ዩኑስ ያየው አረንጓዴና እርጥብ የሆነ፣ ጅብራ የቆመበት ጉና ነው። ነፋሱ የዩኑስን ባርኔጣ ወስዶ ከወሰኑ ድንጋይ ወዲያ፣ ከአዳነ ወንድም መሬት ላይ ጣለው፤ አዳነም «ተወው፣ ክስ ያስነሳል» አለ። ዩኑስ ሩቅያ ጎን ቆሞ ከጅብራው እስከ ጣና ያለውን ሁሉ አየ። ፎቶ አላነሳም። ስልኩን ማውጣቱንም እንጃ።

«ቬትናሙስ?» አለ በኋላ። «ቬትናሙን ነገ ታሳዪኛለሽ።»

«ፎገራ ነው። በበቅሎ ሁለት ቀን ይፈጃል።»

«ለአንቺም በቅሎ እንፈልጋለና። ሱቁ እንደሆነ ተቆልፏል።»

ሩቅያ መኪና እንጂ በቅሎ ላይ ወጥታ አታውቅም። ጌጤን አየቻት። ጌጤ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለቱም በቅሎ ለበቅሎ ሆነው ፎገራ ወረዱ። እንዴት እንደወረዱ፣ ሩቅያ ስንቴ «አውርዱኝ» እንዳለች፣ እሱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ ፈረሰኛ ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ እነግረዋለሁ። ዩኑስ ፎቶ ቤቱን አልተወም፤ ዱባይም ስዊዘርላንድም አሁንም ዱብ ይላሉ፤ ባነሩንም አላወረደውም፣ «ጉና፤ በረዶ የጣለ ዕለት» ብሎ ጻፈበት እንጂ። መስከረም ሲያልቅ ግን ሄዳችሁ ብታንኳኩ በሩ ቁልፍ ነው። ሙላቴን ብትጠይቁት «ሄደዋል» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ይህም ያናድደዋል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተም ክረምቱ ሲወጣ ሻንጣችሁን ታነሳላችሁ፤ የቅርቡንም የሩቁንም አገር ታያላችሁ፤ እዩ፣ እግዜር ያሳያችሁ። ብቻ «እኔ እቤት ይሻለኛል» የሚል ሰው ከቤታችሁ ካለ፣ ሳትስቁበት፣ ጠጋ ብላችሁ በምን ብንወስድህ ይሻልሃል በሉት። ይቺን አንዲቷን ነገር አስታውሱልኝ፣ እሺ?